የመብራት ፖል ላይ የተለጠፈው ፎቶዬ

ይህ የሆነው አምና ነሐሴ፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በራሪ ወረቀት ማሳተም ያዋጣል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር ያ ሰሞን ትዝ ይለኛል። ደንበኛ ስላመጣልኝ አይደለም። ያመጣልኝ ሌላ ሰው ነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። የተወለድኩት ግን ሮብ ገበያ አካባቢ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ወላጆቼ የዳሩኝን ባል ፈትቼ፣ አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ከተማ ስገባ አባቴ ተቆጡ። መቆጣታቸውን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት "ለእኔ ሞታለች" ማለታቸውን ነው።

ሽማግሌ ብልክ አልሰሙም። ለፋሲካ ጋቢ ገዝቼ ብልክ ጋቢው እንደታጠፈ ተመልሶ መጣ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ የማን ልጅ ሆኜ! ሁለተኛ አልላክኩም። እናቴ ተደብቃ ትደውልልኛለች እንጂ ከአባቴ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጥንም።

ነሐሴ የዩኒፎርም ወቅት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሰፊዎች ወረፋ ሲያስይዙ እኔ ጓሮ ተወሽቄ ዝንብ እሽ እላለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጎረቤቴ ሙሉቀን ይህን አይቶ በራሪ ወረቀት እንዳሠራ መከረኝ። ሰው የሚያምነው ፊት ነው፣ ፎቶሽን አድርጊበት አለኝ። ነገሩ አሳመነኝ።

የነበረኝ ፎቶ ለመታወቂያ የተነሳሁት ጉርድ ብቻ ነው። ነጠላ ለብሼ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ ከንፈሬን ገጥሜ። ለመታወቂያ ሲነሳ ማን ይስቃል? በቀለም ማሳተም ስለሚወደድ በጥቁርና ነጭ አባዛልኝ። ፎቶዬ ከላይ በትልቁ፣ ስሜ ከሥሩ፣ ሥራዬና አድራሻዬ በደቃቅ ፊደል፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሬ በደማቁ።

ግማሹን ገበያ ወርጄ በእጄ አደልኩ። አብዛኛው ሰው ሳያየው አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አንዷ በርበሬ ሻጭማ አመስግና ተቀብላኝ እዚያው ፊቴ ላይ ሚጥሚጣ ጠቀለለችበት። የቀረውን መናኸሪያው ዙሪያ ባሉት የመብራት ፖሎች ላይ እየዞርኩ ለጠፍኩት።

አንድ ነገር ግን ልብ አላልኩም። በእኛ ከተማ ፎቶው በጥቁርና ነጭ ፖል ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ጠፍቷል። ስንቱን እንዲህ አይቼ ከንፈሬን መጥጬ አልፌያለሁ። የራሴ ሲሆን አልታየኝም።

በማግስቱ ስልኬ ጠራ። ደንበኛ መጣ ብዬ ድምፄን አሳምሬ አነሳሁት። አንዲት ሴትዮ "ልጅቷ ተገኘች?" አለችኝ። የቷ ልጅ ስላት ፖሉ ላይ ያለችው አለች። እኔው ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ ነኝ አልኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ደግሞ ቤተሰብ አስጨንቀሽ ሱቅ ውስጥ ትቀመጫለሽ ብላ ተቆጥታኝ ዘጋችው። ሁለተኛው ደዋይ ለቅሶው የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ብቻ የጃኬት ዚፕ ትቀይሪያለሽ ወይ አለ።

ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ወጥቼ የለጠፍኩትን ሁሉ ስልጥ ዋልኩ። መናኸሪያው በር ላይ ካለው ፖል ግን ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል፤ ወረቀቱ የለም። ዝናቡ ወስዶት ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ በሩን ሰው ጋረደው። ቀና ስል አባቴ ናቸው። ኮታቸው በዝናብ ከብዶ ወርዷል፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። በእጃቸው የእኔን ወረቀት ይዘዋል። ከኋላቸው ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ ጌትነት ቆሟል።

እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አንስቼ ብድግ አልኩ።

"አለሽ?" አሉኝ።

"አለሁ፣ አባባ" አልኩ።

ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያዩ ጀመር። እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ፤ አላባረሩኝም። ምን እንዳመጣቸው የነገረኝ ጌትነት ነው። መናኸሪያው በር ላይ መኪና ሊሳፈር ሲሮጥ ፎቶዬን ያያል። እሱም አባቴም ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱን ገንጥሎ አገር ቤት ይዞት ሄደ። ዲያቆኑን ጠርተን እናስነብበው ሲል አባቴ "ምኑ ይነበባል? ፎቶዋ ይኸው" አሉት። ለመደወል በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም። እናቴን ጎረቤት ይዞ ሲያስተዛዝናት ሁለቱ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ መኪና ስለሌለ እስከ ደብረ ማርቆስ በእግራቸው መጡ።

ወረቀቱ የስፌት ማስታወቂያ መሆኑን አውቀው ነበር የመጡት። እንዴት እንዳወቁ ያን ዕለት አልጠየቅኩም። ማን ያስታውሳል! ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ጾም ውለው ነበርና ሁለቱም በሉ። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጥቂት ዩኒፎርሞች ሲያዩ ቆይተው አንቺ ነሽ የሰፋሽው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። የአንዱን ኮሌታ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። እዚያው ፍራሽ አንጥፌላቸው አድረው ጠዋት ተመለሱ። ስለ ሦስቱ ዓመት እሳቸውም አላነሱ፣ እኔም አላነሳሁ።

ለገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ገባሁ። አባቴ በሬዎቹን ሊያጠጡ ወጣ ሲሉ ጌትነት የቀረውን አጫወተኝ።

ያን ዕለት ከተማ እንደገቡ አባቴ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው የሄዱት። የጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው እዚያ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሳቸው ቆመዋል። ጌትነት እኔ ልግባና ልጠይቅ ቢላቸው እጁን ያዙት።

"ተው አትጠይቅ" አሉት። "እስኪነግሩን ድረስ ልጄ አለች።"

እንዲህ ሆነው ግማሽ ቀን ቆሙ። በመጨረሻ የበሩ ጥበቃ አሳዝነውት "ምን ሆነው ነው፣ አባት?" ብሎ ወጣ። አባቴ ወረቀቱን ዘረጉለት። ጥበቃው ፎቶዬን አየና፣ ፊቱን ሳይለውጥ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ። ስሜን አለ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች አለ፣ ሱቋ መናኸሪያው ጀርባ ነው አለ።

አባቴ "ድገምልኝ" አሉት። ደገመላቸው። አሁንም "ድገምልኝ" አሉት። በሦስተኛው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ።

በዚያ ዓመት በወረቀቱ ምክንያት የመጣልኝ ሥራ አንድ የጃኬት ዚፕ ነው። ሁለተኛ አላሳተምኩም፤ ለሚጠይቀኝም እንዲሁ እላለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በዝናብ ስላስኬድኳቸው እስካሁን አፍራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚጠሉኝ መስሎኝ ነበር።