የባቡሩ ማስቲካ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ያገባችው ከነጭሱ ነው። ሰውየው የልስን ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ባቡሩ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ከመታጠፊያው ሳይደርስ ጭሱ ቀድሞት ይመጣ ስለነበር። ግድግዳ ሲለስን ሲጋራ፣ ሲያርፍ ሲጋራ፣ ሲናደድ ሲጋራ፣ ደስ ሲለውም ያው ሲጋራ። መከረችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባትና ተወችው። የምትሰፋውን የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ በላስቲክ መጠቅለል ጀመረች፤ አንዲት እናት የልጇን ሸሚዝ አሽትታ «ይሄ የተሰፋው መጠጥ ቤት ነው እንዴ?» ብላ ከመለሰችባት ወዲህ።

ምክር ያልቻለውን መውደቅ ቻለው። ከአንድ ሕንፃ መወጣጫ ላይ ወድቆ የቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ጄሶ አሰሩለት፣ ጠበቁ፤ ጄሶው ተፈታ፣ አጥንቱ ግን አልገጠመም። ራጁ ላይ ክፍተቱ ምንም ለማታውቀው ለሰፊዋ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ሐኪሙ ጥድፊያ የማያጣው፣ ዓይኑን ከራጁ የማይነቅል ሰው ነው። ከዳሌው ትንሽ አጥንት ተወስዶ ስብራቱ ላይ ካልተሞላ እግሩ እንዲሁ እንደሚቀር ነገራቸው። ከዚያ የባቡሩን የወየቡ ጣቶች አየና፣ «ሲጋራ ካላቆሙ ግን ቀዶ ጥገና አላስገባዎትም» አለ። «የሚያጨስ ሰው አጥንት ቶሎ አይያያዝም። ደምዎን አስመርምሬ ንጹሕ ሲሆን ነው የምንሠራው።» ይህን ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ።

ቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች እግር ላይ ቆመ። ልስን በአንድ እግር አይሠራም። ባቡሩ ክራንቹን ተደግፎ መስኮት ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ሰፊዋ መኪናዋን ትረግጣለች፤ ሁለቱም የሚጠብቁት ያንን ቀዶ ጥገና ነው። እሱም እውነቱን ለመናገር አላስቸገረም፤ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ፓኮ አውጥቶ እፊቷ ጨፈላልቆ ጣለው። ሰው እንዲህ በአንዴ ይቆርጣል ብላ አላሰበችም ነበርና አለቀሰች።

መጨፍለቁ ቀላል ነበር፤ መከራው ከዚያ ወዲያ መጣ። ሬዲዮው ላይ ይጮሃል፣ የስፌት መኪናው ድምፅ ጆሮዬን በላው ይላል፣ ሻይ ቀዘቀዘ ብሎ ስኒ ይሰብራል። ሰፊዋ መድኃኒት ቤት ሄዳ ሲጋራ ለማስተው የሚሆን ነገር ስጡኝ ብትል፣ ባለሙያዋ ማስቲካ ሰጠቻት። እንዴት እንደሚታኘክም አስረዳቻት፤ ቀስ ተብሎ ይታኘካል፣ አፍ ሲያቃጥል ጉንጭ ውስጥ ይወተፋል፣ ደግሞ ይታኘካል፣ እያደር ደግሞ ይቀነሳል። ባቡሩ መጀመሪያ ቀን እንደ ፍየል ሲያመነዥከው ዋለና ስቅታ ያዘው። ራት ላይ ሳይቀር ስቅታው ሳይለቀው አመሸ፤ የተኮራረፉትም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ማስቲካው የቤቱ ሽማግሌ ሆነ። ቁጣው ሲመጣ ሰፊዋ አንድ ታቀብለዋለች፣ ይበርዳል። እያደር ይቀነሳል የተባለውን ረሳችው፤ ረሳችው ከማለት ግን ሰላሙ ጣማት ማለት ይሻላል። የምትኩራራበትም ነገር ሆነ። ለደንበኞቿ ልኬት እየወሰደች፣ «የኔ ባል እኮ ቆረጠ!» ትላለች፤ አጠገቧ የምትኖረው የባሏ ታላቅ እህትም ወንድሟ በመጨረሻ ሰው ሆነ ብላ መረቀቻት።

አንድ ቀን የባቡሩ ጓደኛ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሊጠይቀው መጥቶ ክብ ቆርቆሮ ከኪሱ አወጣ። ውስጡ ከከንፈር ሥር የምትወሸቅ፣ ከጥፍር ብዙ የማትበልጥ ነጭ ከረጢት ሞልቶበታል። እሱ መንገድ ላይ ይኼን ይዞ ሲጋራ ከተወ መክረሙን፣ ጭስ እንደሌለው፣ ሽታ እንደሌለው ተናገረ። በለፈለፉ ይጠፉ እንዲሉ፣ ኒኮቲን ስላለበት ሱሱን ጸጥ እንደሚያደርግለትም ጨመረ። ሰፊዋ ቃሉን ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። ኒኮቲን ያለበት ነገር ደጃፌን አይረግጥም ብላ ቆርቆሮውን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው፤ ሾፌሩንም ከነቆርቆሮው ሸኘችው። የሷ ባል በመድኃኒት እየዳነ ነውና የሾፌር ብልሃት አያሻውም።

የምርመራው ውጤት የወጣ ቀን አዲስ ሻርፕ አድርጋ ነው የሄደችው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ባቡሩን አየ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገው። ደሙ ውስጥ ኒኮቲን ሞልቷል፤ የቀዶ ጥገናውን ቀን ለሌላ በሽተኛ እሰጣለሁ አለ። ባቡሩ አላጨስኩም አለ፤ ደግሞ አላጨስኩም አለ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ እንዲህ የሚሉትን ብዙ አይቷል መሰል።

«አባቴ፣ ደም አይዋሽም» አለው ብቻ።

 እቤት ሲደርሱ ሰፊዋ የኮቱን ኪስ ገለበጠች፣ ፍራሹን አነሳች፣ የመሥሪያ ሳጥኑን ሳይቀር በረበረች። አንዲት ቁራጭ አላገኘችም። ሸሚዙን አንስታ አሸተተች፤ ምንም። ይቺ አፍንጫ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንኳ ጭስ የምትለይ አፍንጫ ነበረች! ግን ምን ያደርጋል፣ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ካየ የገዛ አፍንጫውን አያምንም። ያን ሁሉ ጊዜ የተኩራራችው፣ ለደንበኛው ሁሉ ያወራችው ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። የባሏ እህት ምን ሆናችሁ ብላ ስትገባ እንኳ አላፈረችም።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ ዋሸኸኝ» አለችው በእህቱ ፊት። «የሰበርከው እግርህን መስሎሃል። እኔን ነው የሰበርከኝ።»

ባቡሩ በእናቱ ማለ። እህቱ አንገቷን ደፋች። እንደገና ሊምል አፉን ከፈተና ተወው። ሰፊዋ ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠረችበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ጨርቆቿ ያሉበት ክፍል ውስጥ ትተኛ ጀመር። ማታ እንዴት እንደሚተኛ፣ ማን ደግፎ እንደሚያነሳው አልጠየቀችም። ማስቲካ ማቀበሉንም ተወችው፤ እሱም አልጠየቃትም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ያልተከፈተውን የማስቲካ ፓኮ ይዛ መድኃኒት ቤት ሄደች። ለመመለስ ሳይሆን ለመጣላት ነበር። ይህ ምን የሚሉት መድኃኒት ነው፣ ሰውዬው ሲያኘክ ከርሞ ደሙ ኒኮቲን ሆኖ ተገኘ ብላ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። ባለሙያዋ ምን ምርመራ ነው ብላ ጠየቀቻት። ሰፊዋ ነገረቻት። ባለሙያዋ ፓኮውን አንስታ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ማስቲካው ራሱ ኒኮቲን ነው እኮ» አለቻት።

ከዚያ ያለውን ሰፊዋ ደህና አድርጋ አልሰማችውም። ጭሱን የሚያስተወው ያው ኒኮቲን በጥቂቱ ሲሰጥ ነው፤ ከሲጋራው እጅግ ይሻላል፤ እየተቀነሰ መቆም ግን አለበት፤ ያ የደም ምርመራ ኒኮቲኑ ከጭስ ይምጣ ከማስቲካ አይለይም፤ ማጨሱን በትንፋሽ የሚለይ ሌላ መሣሪያ አለ። ለቀዶ ጥገና የደም ምርመራ እንዳለበት ብትነግሪኝ ኖሮ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ እልሽ ነበር አለቻት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሰፊዋ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ ቁጭ አለች። ሐኪሙ «ሲጋራ» አለ፣ መድኃኒት ቤቱ «መድኃኒት» አለ፣ ደሙ «ኒኮቲን» አለ። ሁሉም እውነት ተናገሩ፤ መሐል ላይ ያለው የሷ ባል ብቻ ውሸታም ተባለ። ማንም ምን ትወስዳለህ ብሎ አልጠየቀውም። እሷም በገዛ እጇ ስታቀብለው ከርማ አልጠየቀችም።

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሐኪሙ እስኪወጣ ጠበቀችው። ማስቲካውን አሳየችው። ራሱን አከከና፣ ስለዚህ ማንም አልነገረኝም አለ፤ እሱም አልጠየቀም ነበር፤ ይህን ግን አልጨመረም። ማስቲካውንም ጨርሶ ይተው፣ ከዚያ እንደገና እንመረምረዋለን፣ ንጹሕ ከሆነ ቀን እሰጠዋለሁ አላት። ይቅርታ ለማለት ይመስላል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ነርሷ ጠራችውና ሄደ።

እቤት ስትደርስ መሽቷል። ባቡሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። መብራቱን አበራችና እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። ማስቲካው ነው፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ የሰጠሁህ አለችው። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ ደስ ባላት።

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«እርግጠኛ ነኝ። ሐኪሙም አምኗል።»

ትከሻው ወረደ። ለረጅም ጊዜ ተሸክሞት የቆየውን ባልዲ መሬት ያስቀመጠ መሰለ። ከዚያ ክራንቼን ከእትዬ ቤት ታመጪልኛለሽ ብሎ ጠየቃት። ክራንቹ እህቱ ዘንድ ምን እንደሚሠራ አልገባትም።

«በእንቅልፌ እየተነሳሁ የማጨስ መስሎኝ ነበር» አላት። «ክብሪቱንም ክራንቹንም ማታ ማታ እንድትወስድብኝ ለመንኳት። ተነስቼ እንዳልሄድ።»

ሰፊዋ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ታዲያ ለምን እንዲህ ታስባለህ፣ አላጨስኩም ብለህ ምለህ የለም ወይ አለችው።

«ደም አይዋሽም አለ» አላት፤ ሳይቆጣ። «አንቺም አትዋሺኝም። ሁለታችሁም አጭሷል ካላችሁ፣ ለመዋሸት የቀረሁት እኔ ነኛ።»

ተነስታ ወደ እህቱ ቤት ሄደች። ክራንቹን አምጥታ፣ እጁ ከሚደርስበት ከአልጋው ራስጌ አቆመችለት።