ብረቷ የቀናችበት ሰሞን

እናንተዬ፣ ሰው የሚቀናው ሀብት ባለው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታመመም ይቀናል!

በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ፣ የልብስ ጠርዝ የምትሰፋ ዘምዛሚ ቤቷ ተኝታ ከአልጋ አልነሳ አለች። ትኩሳት የላት፣ ቁርጥማት የላት፤ እንዲሁ ውስጧ ጨለመ። የጤና ጣቢያው ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ፣ የሥራ ባልደረቦቿን "ብቻዋን እንዳትተዉአት" አላቸው። ሴቶቹም ተራ ገቡ። ጠዋት ጠዋት አንዷ ዘምዛሚዋ ቤት ትሄዳለች፣ ፊቷን ታስታጥባታለች፣ ክንዷን ይዛ ወደ ሥራ ታመጣታለች። የስፌት መኪናዋንም ከሁለት ሳቂታ ሴቶች መሀል አዛወሩላት። መስፋት ከከበዳት ትርፍ ክር ትቆርጣለች፤ ማንም ክፉ አይናገራትም።

ከመካከላቸው የልብስ ቁልፍ ተካይዋ ይህን እያየች አንጀቷ አረረ። "ብረቷ" ነው የሚሏት። አምና እናቷ ስትሞት ሐዘኗ ሳይወጣላት ሥራ ገብታ፣ "ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም" ስትላቸው፣ "አይ ጉብዝና! ብረት እኮ ናት!" ብለው ወደየስፌታቸው ዞሩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ታዲያ አሁን እንዴት አትቀና! አንዷ የዘምዛሚዋን ፀጉር ስታበጥር ባየች ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል።

የብረቷ ተራ ደረሰና ዘምዛሚዋ ቤት ሄደች። በሩን በርግዳ ገባች።

"ተነሽ እንጂ! አንቺማ ታድለሽ! እንደ ሙሽራ አጅበውሽ ይሄዳሉ። እኔን ማን ዞር ብሎ አየኝ?"

ዘምዛሚዋ አልተቀየመችም። ብርድ ልብሱን ገልጣ ትክ ብላ አየቻት።

"አንቺም አትተኚም አይደል?" አለቻት። "ዓይንሽ ያስታውቃል፣ እህቴ።"

ብረቷ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ለቅሶ ቀደማት። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች።

የሁለቱም ቦታ ባዶ ሆኖ ሲረፍድ ሴቶቹ ደንግጠው መጡ። በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠው ልብስ ቆራጯ፣ "ምነው፣ ባሰባት እንዴ?" እያለች ገባች።

"እሷስ ደህና ናት" አለች ብረቷ። "ምንም አልሆንኩም" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። "እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ነገ ጠዋት እኔም ቤት ሰው ይምጣልኝ።"

"ውይ በሞትኩት! ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግሪን?" አለች ቆራጯ።

"ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቁኝ?"

ቆራጯ ጎንበስ ብላ ጋደም እንድትል የብረቷን ጫማ ታወልቅላት ጀመር።