ከሰልና ሎሚ ያላነጣው ጥርስ

የዚያን ቀን ጠዋት ጓሮ ተደብቄ ጥርሴን በከሰል ስፈትግ አክስቴ ደረሰችብኝ...

«ተይ አንቺ ልጅ! ልትነቅይው ነው እንዴ?»

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነፋስ ስልክ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው፤ ያደግኩት ግን መቂ ነው። የዚያን አገር ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። የኔም ቡናማ ነበር። ስስቅ በእጄ፣ ሳወራ በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ታደሰ ሊያገባኝ ፈልጎ እንኳ ጥርሴን በደንብ አይቶት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ እናቱ ሊያዩኝ ይመጣሉ። ምራታቸውን በዓይናቸው ሳያዩ ሽማግሌ አይልኩም ተብሏል። ስለዚህ ከሰል ደቁሼ፣ ሎሚ ጨምቄበት ጥርሴን ድዴ እስኪደማ ፈተግኩት። ብጉመጠመጥ ብጉመጠመጥ ከሰሉ ከጥርሴ መሀል አልወጣ አለ። ጭራሽ ቡናማና ጥቁር ሆነ።

ሴትየዋ መጡ። ገና ከበር ጀምሮ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሸፍነዋል። ተቀመጡ... አልገለጡትም። ምግብ ሲቀርብ «ጾም ላይ ነኝ» አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የምን ጾም?

የአክስቴ ፊት ተለዋወጠ። ከንጋት ጀምሮ ቤቷን ስትወለውል ነው የዋለችው። ምላሷ ደግሞ አያድርስ ነው።

«ምነው እትዬ፣ ቤታችን ሸተተዎት እንዴ?»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። በቃ፣ ትዳሬ ቀረ...

ሴትየዋ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አወረዱት። ጥርሳቸው የኔው ነው... እንዲያውም የባሰ።

«ሽታ አይደለም እህቴ። የዝዋይ ሰው ነኝ፤ ውሃው ነው እንዲህ ያረገኝ። ይቺ ልጅ ጥርሴን አይታ ልጄን እንዳትጠላብኝ ፈርቼ ነው።»

አክስቴ አንገቷን ደፋች። ከሷ ይልቅ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው አፉን ለምን እንደሚሸፍን ከኔ ወዲያ ማን ያውቃል? እኔም እኮ የናቁን መስሎኝ ነበር!

እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁና ከነከሰሌ «እኔም የመቂ ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው ጥርሴን አዩ።

«ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ምን በልተሽ ነው?»

እሳቸው ሲስቁ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሽማግሌው ተላከ፣ ተጋባን። በሰርጋችን ፎቶ ላይ ግን አማቴና እኔ ጎን ለጎን ቆመን፣ ሁለታችንም አፋችንን ግጥም አድርገን ዘግተናል... እፍረት እንደሆነ በከሰልም አይለቅ!