ሽፋሽፍቱ እስኪያድግ

እናቴ ከጉና ግርጌ ካለው ቤቷ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወደ ደብረ ታቦር ስትመጣ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጎረቤቷንም አስቸግራ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍቷን በወረንጦ አስነቅላ ነበር። በእኛ አገር ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች በዓል ሲውል ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ይነቃቀላሉ። ሐኪም ፊት በቆሸሸ ልብስ እንደማይቀረብ ሁሉ ጸጉር ባበቀለ ዓይንም አይቀረብም ብላ ነው።

የመረመራት ነርስ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ በባትሪ ቢፈልግ አንድም ጸጉር አጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ አልተቆጣም። ጸጉሩ የት ቦታ እንደሚነካት ሳያይ ቆቡን ቢቆርጥ ሊሳሳት እንደሚችል ነገራት። እሱ ያለበት ተዘዋዋሪ የሕክምና ቡድን ከእኛ ወደ አንበሳሜ ስለሚያልፍ ሲመለስ ሊያያት ተስማማን። እስከዚያ ግን ሽፋሽፍቷ መነካት የለበትም። ግራ ዓይኗ ብሌኑ ላይ ነጭ ጥሎበት ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀራት ቀኙ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራው ጤና መሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ ክፍሌም ይኸው በሽታ፣ ትራኮማ። ስብሰባ ላይ ሳስረዳ ድምፄ አይለዋወጥም። በልጅነቱ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጠባሳው ቆቡን ከውስጥ እያኮማተረ፣ ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱን ወደ ብሌኑ ያዞርበታል። በየዓመቱ መጠኑን ለማወቅ ሰውን ቁመት በሚለካ እንጨት እየለካን መድኃኒት አደልን። በሽታው ሌላ ቦታ በዚሁ መንገድ ሲጠፋ እኛ ጋ አልለቅ አለ። አሁን ደግሞ ለትንንሽ ልጆች በዓመት ከአንዴ በላይ ቢሰጥስ እየተባለ ነው። ከጣታቸው የደም ጠብታ እየተወሰደም፣ ዓይናቸው ጤነኛ ቢመስልም በሽታው አግኝቷቸው ያውቅ እንደሆነ ይመረመራል። ፊታችሁን ታጠቡ ብለን እናስተምራለን፤ የጉና ውኃ ጠዋት ጠዋት እጅ እንደሚቆርጥ እያወቅን።

እናቴን ቤቴ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ሰሞን ደህና ነበረች። ጸጉሩ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ነው የባሰው፤ ተነቅሎ የበቀለ ጸጉር አጭርና ደረቅ ስለሆነ እንደ ገብስ ገለባ ይዋጋል። በጨፈነችና በገለጠች ቁጥር ብሌኗን ይፍቃታል። ብርሃን አልቻል ስላላት መስኮቱን በጋቢ ጋረድን። ቀኑን ሙሉ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትውላለች። ነርሱ የሰጠንን ቅባት እቀባትና ሥራ እሄዳለሁ።

ንቀዪልኝ ማለት የጀመረችው በቀልድ ነው፤ እጅሽ ከልጅነትሽ የለመደ ነው፣ አንዷን ብቻ፣ ማን ያየናል እያለች። ከዚያ በኪዳነ ምሕረት ለመነችኝ። አንድ ጠዋት ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

"አንቺ ሐኪም ነሽ?" አለችኝ።

አይደለሁም አልኳት።

"እንግዲያ ልጅ ሁኚኛ።"

ጣቶቿን ከቀሚሴ አላቅቄ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እስካለቅስ ጠበቅኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኔ አንጀት የት እንደሄደ እንጃ። ቢሮ ገብቼ ስለሚቀጥለው የመድኃኒት እደላ ተናገርኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። እናትሽ እንዴት ናት ሲሉኝ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ።

በዚህ መሀል መንገድ ተዘጋና ቡድኑ ዘገየ። ጸጉሩ እየፋቀ ያለው የቀራትን አንድ ዓይን ነው። ቁስሉ ጠባሳ ቢጥልበት ያሳወርኳት እኔ ነኝ፤ ነቅዬላት ቀዶ ሕክምናው ዳግመኛ ቢያመልጣትም ያው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ሳስበው ግን ስለ ሌላ ሰው እናት የማስብ ያህል ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ቡድኑ ሲመጣ ያው ነርስ ቆቧን ገልብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። አሁን ይታያል አለ። አደንዝዞ ሲቆርጥና ሲሰፋ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ እጅሽን ስጪኝ አላለችም፣ እኔም አልሰጠኋትም። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ያበጠ ቆቧን ቀስ ብላ ገለጠች። ነርሱ ጣቱን ወዲህ ወዲያ ሲያደርገው ተከተለችው። ብሌኗ ተጭሯል እንጂ ጠባሳ አልያዘም፣ ይድናል አለን። ተመስገን አልኩ፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሰላምታ እንደሚሰጡት ያህል።

ቤት ስንገባ ያን ጋቢ አውርጂው አለችኝ። አወረድኩትና በብርሃኑ በኩል ፊት ለፊቷ አስቀመጠችኝ። ፊቴን አጥርታ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። አረጀሽ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝና በአውራ ጣቷ የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርጋ ብዙ አየችኝ።

"ዞሯል" አለች።

አቧራ ነው አልኳት። ሰሞኑን ይቆረቁረኝ ነበር፤ የመንገዱ አቧራ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

"አቧራ አይደለም። አውቀዋለሁ።" ጣቷን ከቆቤ ላይ አላነሳችም። "አትንቀዪው ልጄ። እስኪያድግ ቻዪው።"

ያኔ ፈራሁ። ጉልበቷን ያዝኩና እስከዚያች ቀን ድረስ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት፤ ምን ያህል እንደሚያም።