ዛሬ በየት በኩል ነሽ?

ተራራ ላይ ብቻውን የሚሮጥ ሰው የማይዘነጋው አንድ ሕግ አለ፤ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ለአንድ ሰው ይናገራል። ቢወድቅ፣ ስልኩ ቢዘጋ፣ የሚፈልገው ሰው ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ነው። እኔ የምናገረው ለባለቤቴ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጫማዬን ሳስር ኮሽታዬን ይሰማና ከመኝታ ቤት ሆኖ «ዛሬ በየት በኩል ነሽ?» ይለኛል። «በአህዮቹ» ወይም «በጥዱ» እለዋለሁ። እሺ ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

ስሞቹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ ያለው የቀይ አለቶች ፓርክ ለየመንገዱ የራሱ ስም አለው፤ እኔ ግን አፌ ያልለመደውን ስም ተሸክሜ ዳገት አልወጣም። የአህዮቹ የምለው ሜዳ ሜዳውን በቁልቋሉ መሀል የሚዞረውን ነው፤ እዚያ የዱር አህዮች ሥራ እንደፈታ ዘበኛ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ያያሉ። የጥዱ ደግሞ ዳገቱን ይዞ ይወጣና ተረተሩ ላይ አንድ ጠማማ ጥድ ጋ ይደርሳል። ከጥዱ ሥር መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ያለው ቀጭን ነው፣ ጠጠር ይበዛበታል፣ ግን ዞሮ ዞሮ መኪና ማቆሚያው ጋ ያደርሳል። በግራ ያለው ፈፋ ነው፤ ሰፊ ነው፣ አሸዋው ለስላሳ ነው፣ ቁልቁል ስለሆነም እግርን ይጋብዛል። መጨረሻው ላይ ግን መሬቱ ድንገት ያልቅና ዝናብ ሲጥል ብቻ ውሃ የሚወርድበት የአለት ግድግዳ አናት ላይ ያቆማል። መጀመሪያ ሰሞን ገብቼበት ራሴን እየረገምኩ ተመልሻለሁ።

ሯጭ ሆኜ አይደለም የመጣሁት። አገሬ እያለሁ የሮጥኩት ታክሲ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው። ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ስጀምር ግን አለቃዬ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስትሰማ «ታዲያ ትሮጫለሻ» አለችኝ፤ ጥያቄም አልነበረም። ሳቅኩባት። ከዓመታት በኋላ አልጋ ሳነጥፍ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሐኪሙ በእግርሽ ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ እግሬ ራሱ መሮጥ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰኝ ጠፋ። እዚያ ላይ የሚያዘኝ ሰው የለም፣ የማንኳኳው በር የለም፣ የምጎትተው ጋሪ የለም። ደስተኛ ነበርኩ፤ ሌላ ቃል አላወጣለትም።

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነው። አንዳንዴ አብሮኝ ይመጣል፣ ግን ከሚሮጠው ፎቶ ለማንሳት የሚቆመው ይበዛል። ይኮራብኝ ነበር። ሰው ባለበት ሁሉ «የኔዋን ተራራ ላይ ብታዩዋት» ይላል። ነገሩ የመጣውም ከዚሁ ወሬ ነው። የአገራችን ሰዎች፣ አብዛኞቹ እንደሱ ሲነዱ እየዋሉ ቦርጭ ያወጡ፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ተራራ ውሰጂን፣ ምሪን አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው ደውዬ ውሃ በደንብ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ፣ በጥዱ መንገድ ነው የምንሄደው አልኩ። በሰው ላይ አዝዤ ስለማላውቅ ነው መሰለኝ፣ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

በዚያ ቀን ጋሼም መጡ። ጋሼ የምንላቸው ከሁላችንም በፊት እዚህ ከተማ የገቡት ሰው ናቸው። ባለቤቴ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ኤርፖርት የተቀበሉት፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ያለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ያስተኙት፣ የመጀመሪያ ሥራውን ያስገኙለት እሳቸው ናቸው። የልጃችንም የክርስትና አባት ናቸው። ድግስ ላይ እሳቸው ሳይነሱ ሰሃን የሚያነሳ የለም። በወጣትነታቸው ለጦሩ ይሮጡ እንደነበር ሁሌ ያወራሉ፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ ይህን ያየ ሰው ስለሌለ ሁላችንም አምነናል። አዲስ ቱታ ለብሰው ከመኪናቸው ሲወርዱ ሁሉም እየሮጠ ሄዶ ሳማቸው።

ከፊት ቆሜ «ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ» ማለት እንደጀመርኩ ጋሼ አልፈውኝ ሄዱና መንገዱ ላይ ገቡ። ሌላው ተከተላቸው። መንገዱ ቀጭን ነው፣ ሰው በሰልፍ ነው የሚሄድበት፤ ጋሼን ገፍቶ ማለፍ ደግሞ እኛ ዘንድ የሚታሰብ አይደለም። መሪዋ እኔ፣ ከሰልፉ መሀል የሰው ጀርባ እያየሁ ዳገቱን ወጣሁ። እሳቸው ሲቆሙ ሁላችንም እንቆማለን፤ ሲራመዱ እንራመዳለን። ነገሩ እስከዚያ ድረስ አስቆኝ ነበር።

ጥዱ ጋ ስንደርስ ጋሼ ወደ ግራ ታጠፉ።

«ጋሼ፣ በቀኝ ነው» አልኩ ከመሀል። «ያ ፈፋ መውጫ የለውም።»

ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ተራራን ለእኔ ነው የምታስተምሪኝ? ውሃ ከወረደበት እኛም እንወርዳለን።»

«ገብቼበት አይቼዋለሁ። መጨረሻው ገደል ነው።»

ፊታቸውን መልሰው ሄዱ። ከፊቴ ያሉት ትንሽ ቆሙ፣ እኔን አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ከዚያ በግራ ገቡ። መንገዱን እንደማውቀው እኮ ሁሉም ያውቃሉ፤ የጠሩኝም ለዚሁ ነው። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝና በጆሮዬ «ተይ በናትሽ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪያቸው። ትንሽ ሄደው ራሳቸው ይመለሳሉ» አለኝ። እሱም ገባ። የቀረው ውሃ እኔ ጀርባ ላይ ነበርና ተከተልኩ።

አልተመለሱም። ግድግዳው አናት ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ነበር። ጋሼ ወደ ታች አዩ። መመለስ ማለት ተሳስተዋል ማለት ስለሆነ የመጀመሪያው ተመላሽ መሆን የፈለገ አልነበረም። ትልልቅ ሰዎች፣ ልጆች ያሳደጉ፣ በዚህ አገር ፖሊስና ዳኛ ፊት ቆመው የተከራከሩ ሰዎች፣ አሸዋ ላይ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። በመጨረሻ ጋሼ «ይቺ ምን አላት፣ ተንሸራቶ መውረድ ነው» አሉ፤ ግን አልተነቃነቁም።

«ጋሼ፣ ቆይ እኔ አስቀድሜ ልሞክርልዎት» አለ ባለቤቴ።

«እንዳትወርድ» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። «አትውረድ አልኩህ።»

ጀርባውን ሰጥቶ በእጁ እየተንጠለጠለ ወረደ። ግማሽ ላይ እግሩ ከዳው። የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር ድምፁን ከላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ፈፋው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ውሃውን ወረወርኩለትና አሸዋውን እየዛቅሁ ወደ ጥዱ ሮጥኩ፤ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልሮጥም። ደወልኩ፣ የነፍስ አድን ሠራተኞቹን ጥዱ ሥር ጠበቅሁ፣ በታችኛው በኩል ዙሪያውን መርቼ አደረስኳቸው። እነሱ ግን ከፊቴ አልገቡም። መንገዱን የሚያውቀው ማነው ብለው ጠየቁ፣ እኔ ነኝ አልኩ፣ ተከተሉኝ። ባለቤቴን በቃሬዛ ሲያወጡት ጋሼ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰዉን አይዟችሁ ይሉ ነበር።

ብረት ገባለት፣ ጀሶ ታሰረለት። ፔዳል የሚረግጠው እግሩ ስለሆነ ታክሲው ቆመ፤ እኔ የተገኘውን ኦቨርታይም ሁሉ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሥራ ቦታ፣ በዚያ ጉዞ ያልነበረች የአገሬ ልጅ አንሶላ እያጠፈች «ሰዉን ገደል ወሰድሽው አሉ» አለችኝ። ቆሽቴ አረረ፣ ግን ብዙም አልተጨነቅሁም። ባለቤቴ አለ፤ እሱ አንድ ቃል ሲናገር ይህ ወሬ ያልቃል ብዬ ነው።

ከዚያ ሊጠይቁት መጡ። ጋሼ ከፊት፣ ተራራ አብረውን የወጡት ሰዎች ከኋላ፣ ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ሳሎናችን ሞላ። እግዜር ይማርህ ተባለ፣ ተቀመጡ። እኔ ምሳ በትሪ ይዤ ከኩሽና ስወጣ ጋሼ እያወሩ ነበር። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ እንዲያውም የአባት ነው።

«እሷ ላይ ማንም እንዳይፈርድባት» አሉ። «መንገዱን አውቃለሁ ብላ በቅን ልብ ነው የወሰደችን። ሰው አይደለች? ትሳሳታለች።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም እዚያው የነበሩ ናቸው። በቀኝ ነው ስል በጆሯቸው ሰምተዋል። ትሪውን እንደያዝኩ ባለቤቴን አየሁት። እግሩ ትራስ ላይ ነው። እሱም አየኝ፤ የምጠብቀውን ያውቃል፣ ገብቶታል። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳና ወደ ጋሼ ዞረ።

«ልክ ነው ጋሼ» አለ። «እሷም በጣም አዝናለች።»

ትሪውን አስቀመጥኩ። አስታጠብኳቸው፣ በሉ፣ ጨምሩ አልኳቸው፣ ጨመሩ።

ሲወጡ በሩን ዘግቼ ጠየቅሁት። «ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ። «ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ እኔን ሰው ያደረጉኝን ሰውዬ ዋሹ ልበል? እኔና አንቺ እውነቱን እናውቀው የለ?»

«እኔና አንተ ብቻ ማወቃችን ነው የሚያንገበግበኝ» አልኩት። ከእግሩ ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለ። እግሩ ያመዋል፣ አየሁት፤ አዘንኩለትም። ግን ልቤ አልተመለሰም፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

አሁን እግሩ ድኗል፣ ይነዳል። ድግስ ላይ ሰው ወደ መኪና ማቆሚያ ሲወጣ እንኳን «እሷ እንዳትመራን» የሚል አይጠፋም፤ ሁሉም ይስቃል፤ ጋሼ ይስቃሉ፤ ባለቤቴም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ተራራ ውሰጂን ያለኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም። እኔ መሄዴን አልተውኩም። አህዮቹም ጥዱም እዚያው ናቸው፤ አንዳንዴ ከጥዱ አልፌ ስም እንኳን ያላወጣሁለት መንገድ እገባለሁ።

ጎህ ሳይቀድ ጫማዬን ሳስር አሁንም ከመኝታ ቤት ይጠይቀኛል።

«ዛሬ በየት በኩል ነሽ?»

«ተራራ ነኝ» እለዋለሁ።

«ተራራማ አውቃለሁ፣ በየት በኩል?»

በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን ሰዓቴ ቢያልፍና ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው ጋሼን ይጠይቃቸው። መንገዱን እሳቸው ያውቁታል።