ትሎቹ የበሉት ሥጋ

ባለፈው ወር ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት «የዝንብ የሕይወት ዑደት» የሚል ፕሮጀክት ይዛ መጣች። ፕሮጀክት ይበሉት እንጂ ሥራው የወላጅ ነው። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አራት ባለቀለም ሥዕሎች ይታተማሉ፣ ተቆርጠው በክብ ይለጠፋሉ፣ አለቀ። ሶልያና በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። እጭ ምንድነው ብዬ ስጠይቃት «ሁለተኛው ነዋ!» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ይሄም ትምህርት ሆኖ ብዬ መጮህ ስጀምር ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ አንቺስ በእውነት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላየሁም። ለማየት ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ነው የተነጠቅኩት፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው እሪ በከንቱ ነበር፤ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ሽንት ቤት። ከላይ ከፒያሳ የኬክ ቤቶቹ ሽታ ይወርዳል፣ ከታች የወንዙ ሽታ ይወጣል፣ መሀል ላይ እኛ ሱዚ እንዘላለን። ከጎናችን እትዬ ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች። የሁለታችንን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እናቴ ስትፈልጋት ግድግዳውን በእጇ ታንኳኳለች፣ እሷም በዚያው በኩል «አቤት አልማዝዬ!» ትላለች። በፋሲካና በኢድ የዳቦና የብስኩት ሰሃን በመካከላቸው ይመላለስ ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የአካባቢ ሳይንስ ያስተማረን ቲቸር ግርማ ነው። «እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ዝንብ» እያልን በዜማ ስንጮህ እጄን አወጣሁና፣ እናቴ ግን ሥጋ ሲቆይ ራሱ ነው ትል የሚያወጣው ትላለች አልኩት። ክፍሉ በሳቅ አወካ። ቲቸር ግርማ አልሳቀም። ሁለት ጠርሙስ ውሰጂ፣ ከሥራቸው አፈር ጨምሪ፣ በሁለቱም ላይ ሥጋ አድርጊ፣ አንዱን በስስ ጨርቅ ሸፍኚ፣ አንዱን ክፍት ተዪው አለኝ። ዝንብ ያላረፈበት ሥጋ ይተላ እንደሆነ አይተሽ ለክፍሉ ትነግሪያለሽ አለኝ። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ቲቸር ግርማ የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሩ ሁዳዴ ነበር።

እኛ ቤት ሥጋ የለም፣ ሥጋ ቤቶቹም ዘግተዋል። እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። ለትምህርት ነው ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ኧረ በአላህ! ትምህርቱም ሥጋ መብላት ጀመረ?» አለችና ሁለት ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሁለት የማርማላታ ጠርሙስ አጥቤ፣ አንዱን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በላስቲክ አሰርኩና ከሽንት ቤቱ ጀርባ ደበቅኳቸው።

በማግሥቱ ክፍቱ ጠርሙስ ላይ የሩዝ ስባሪ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ታዩ። ከዚያ ትሎቹ መጡ፣ በሉ፣ ወፈሩ። ነጠላ የለበሰው ውስጥ አንድም ትል የለም! በየቀኑ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ትሎቹ አፈሩ ውስጥ ገብተው እንደ ስንዴ ፍሬ ጠንክረውና ቀልተው አገኘኋቸው። ሙሽሬ! ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ እዚያው ቁጢጥ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

እናቴ ሽታውን ተከትላ የመጣችው ያኔ ነው።

«ምንድነው እሱ?»

«ሥጋ ነው፣ ለትምህርት…»

«ሥጋ! በሁዳዴ! ማን ሰጠሽ?»

እትዬ ዘይነባ ቧንቧው ጋ ውኃ ትቀዳ ነበር። «አልማዝዬ፣ ልጅቱ ለትምህርት ብላኝ እኮ ነው» አለች። እናቴ ዞር ብላ «በጾም ልጄን ሥጋ አበላሽብኝ?» አለቻት። ጄሪካኑ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስ ነበር፤ የዘጋው ሰው የለም። ጠርሙሶቹ ሁለቱም ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ገቡ። የተላ ሥጋ ማን ይበላል ብዬ አለቀስኩ። «ትኩሱን በልተሽ የተረፈሽን ነው የደበቅሽው!» አለችኝ።

እሑድ የነፍስ አባታችን ቤት መጡ። ተንበርክኬ ጥያቄ ቀረበልኝ።

«ልጄ፣ በላሽ?»

«አልበላሁም አባ። ትሎቹ ናቸው የበሉት።»

«ይኸው፣ በእርስዎም ፊት ትዋሻለች!» አለች እናቴ።

ሦስት ጊዜ ተጠየቅኩ፣ ሦስት ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። ጉልበቴ ደነዘዘ። ውጪ ጓደኞቼ ሱዚ ሲዘሉ ይሰማኛል። በአራተኛው «እሺ፣ በላሁ» አልኩ። ሃያ ስግደት ታዘዘልኝ፣ እናቴም እፎይ ብላ አለቀሰች። በዚያች አንዲት ቃል በእትዬ ዘይነባ ላይ እንደፈረድኩባት ግን አላወቅሁም። ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳው አልተንኳኳም። ሰሃኑም ቀረ። ቲቸር ግርማ ውጤቱን ሲጠይቀኝ «ጠፋብኝ» አልኩት። እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ ራሴን ዳበስ አደረገችና «አብሽሪ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችኝ። ስንት ቢታደር ብዬ አልጠየቅኳትም።

ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሰዉም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። እናቴ ከእኛ ጋር ነች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ እኮ በሁዳዴ ሥጋ የበላች ናት!» ብላ ታስቃለች። አልበላሁም ስላት «ለአባ በአፍሽ አልተናገርሽም?» ትለኛለች። ሰው ይስቃል፣ እኔ እቃጠላለሁ።

እናም የሶልያናን ፕሮጀክት ወደ ጎን አድርጌ፣ ጾም አለመሆኑን አረጋግጬ፣ ሥጋ ገዛሁና እንደ ያኔው አንዱን ክፍት ትቼ፣ አንዱን በነጠላ ቁራጭ ሸፍኜ በረንዳችን ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀመጥኩ። እናቴ «አበድሽ» አለችኝ። ሶልያና መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች፤ በአምስተኛው ቀን ግን ሳትቀሰቀስ እየተነሳች ጠርሙሱ ፊት ትቀመጥ ጀመር። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ጩኸቷ ቀሰቀሰን። የሙሽሬው ጫፍ ተከፍቶ እርጥብ ዝንብ እየታገለች ትወጣ ነበር፣ ክንፏ ገና እንደተጨማደደ። ሶልያና ትንፋሿን ውጣ ታያለች። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንባዬ መጣ።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ክፍቱን አየች። ከዚያ ነጠላ የለበሰውን አነሳችና ለረጅም ጊዜ አገላብጣ ተመለከተችው፤ ሥጋው ጠቁሮ ሸቷል፣ ትል ግን የለበትም።

«ያኔም አንዱ እንዲሁ ነጠላ ለብሶ ነበር። ታዲያ… አልበላሽም ነበር?»

«አልበላሁም እማዬ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ዘይነባ የት ገባች?» አለች ቀስ ብላ። ስልኬን አውጥቼ ለድሮ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። አንዱ ኮተቤ ናት አለ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ገብታለች አለ፣ አንዷ እንዲያውም በሕይወት መኖሯን እንጃ አለችኝ። ቁጥሯን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እናቴ አጠገቤ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ያኔ ግድግዳውን ማንኳኳት ብቻ ይበቃት ነበር።