ሎሚ በተላጠ መዳፍ ላይ

ይህን የምጽፈው በልጅነት ዓይኔ ካየሁት በቀረልኝ ብቻ ነው፤ ጂምናስቲከኛው ታላቅ ወንድሜ ስለዚያች ቀን አንዳች ሳይነግረኝ ሞቷል።

ዛሬ በጎረቤት አገር፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ካለ ምግብ ቤት ዓሣ አዝዤ ሳለሁ፣ በቴሌቪዥን አንድ ጂምናስቲከኛ መዳፉ ተልጦ እየደማ በዘንግ ላይ ሲሽከረከር አየሁ።

«ወንድ ማለት ይኼ ነው!» አለ አጠገቤ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ዓሣው ላይ ሎሚ እየጨመቀ። የሎሚው ሽታ ሲደርሰኝ ሳህኔን ገፋሁ።

በብሔራዊ ቡድን ምርጫ ዋዜማ፣ አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ፣ የወንድሜ መዳፎችም እንዲሁ ተልጠው ነበር። አሠልጣኙ አጎታችን «ቆዳውን ያጠነክረዋል» ብሎ ሎሚ ገምሶ በአንደኛው መዳፍ ቀይ ሥጋ ላይ ጨመቀበት።

«ጋሼ፣ የነገው ይቅርብኝ» አለ ወንድሜ።

«ዳኞች የሚያዩት እግርህን ነው፤ መዳፍህን ማን ያየዋል? ደግሞ ልጅ ፊት አታሳፍረኝ!» አለና አጎቴ ወደ እኔ እያየ ሳቀ።

ወንድሜ ተመረጠ፤ ለዓመታትም አገር አጨበጨበለት። እኔ ግን አንድም ቀን አብሬ አላጨበጨብሁም።

«አባባ፣ ዓሣው አልተስማማዎትም?» ሲለኝ ሾፌሩ፣ «ጠግቤአለሁ» አልሁት።

ሁለተኛውን መዳፍ አጎቴ ጎትቶ ይውሰደው ወይም ወንድሜ ራሱ ይዘርጋለት፣ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልሁም።